የባቡሩን ሂሳብ ማን ከፈለ?

የእናቴ ታላቅ እህት፣ እኛ ቤት «እትዬ» የምንላቸው፣ ሲያትል ድረስ ሊጠይቁን መጡ። ኤርፖርት ከኔ ጋር ሊቀበላቸው የነበረው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ታክሲ ስለሚነዳ ውሎው እዚያው ነው። የዚያን ቀን ግን ወረፋ ሲጠብቅ ቆይቶ ተራው የደረሰው ልክ እሳቸው ሲያርፉ ሆነ። ሰው ጭኖ ሄደ። የእትዬ ሻንጣዎችም በሌላ በረራ ሊመጡ ወደኋላ ቀርተው ኖሮ፣ የያዙት አንዲት የእጅ ቦርሳ ብቻ ነበረች። «ታዲያ በባቡር እንሂዳ!» አሉ ራሳቸው። አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ባቡር አይፈሩም።

የመኪና ማቆሚያውን ሕንፃ በእግር አቋርጠን ጣቢያው ደረስን፤ ሦስት ሦስት ዶላር ከፍለን ገባን። ባቡሩ ቱክዊላን በድልድይ ላይ ተንሳፍፎ ያልፍና ሬይኒየር ቢች አካባቢ መሬት ይወርዳል፤ ከዚያ በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና መሐል ለመሐል፣ እንደ ማንኛውም መኪና መብራት እየጠበቀ ይሄዳል። እትዬ በመስኮቱ በአማርኛ የተጻፈ የሱቅ ስም ሲያዩ ፈገግ አሉና ወደኔ ዞሩ።

«ይሄንንም ቻይና ነው የሠራላችሁ?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ሲጀምር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከመቶ 85ቱ ከቻይናው የኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የመጣ ብድር ነው። እትዬ የሚያውቁት ባቡር በመንግሥት ውሳኔና በውጭ ብድር የተሠራ ነው፤ እሳቸውን የጠየቃቸው የለም።

«አይ፣ የሰዉ ገንዘብ ነው» አልኳቸው።

«የማን የማን? ስንት ስንት አዋጣችሁ?»

ባቡር ውስጥ መልስ አልነበረኝም። መልሱ ማታ ራት በልተን ስንመለስ፣ ቡናው እየተቆላ፣ ኪሴ ውስጥ ካገኘሁት የምግብ ቤት ደረሰኝ ላይ ተጀመረ።

ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በያይነቱና ክትፎ፣ 60 ዶላር። ከሥሩ የሽያጭ ታክስ፣ ከ6 ዶላር በላይ። ሲያትል ውስጥ የሽያጭ ታክሱ ከመቶ 10 ያልፋል፤ ከዚያ ውስጥ 1.4ቱ ሳውንድ ትራንዚት ለሚባለው የክልሉ የባቡርና የረጅም መስመር አውቶቡስ መሥሪያ ቤት ነው የሚሄደው። ከኛ ራት ላይ 84 ሳንቲም መሆኑ ነው። የከተማው አውቶቡስ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ የኪንግ ካውንቲው ሜትሮ የራሱን 0.9 ከመቶ ይወስዳል፣ 54 ሳንቲም። በዚያው ቀን የገዛነው የጤፍ ዱቄት ግን ታክስ የለበትም። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሱቅ ገብተህ የምትገዛው ያልተሠራ የምግብ እህል ነፃ ነው፤ ያው ጤፍ እንጀራ ሆኖ ምግብ ቤት ሲቀርብልህ ለባቡር ያዋጣል።

«ብልሃት ነው» አሉ እትዬ።

ብልሃትም ነው፣ ችግርም ነው። ይህ ስቴት ከተራ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆርጥም። ስለዚህ ባቡር ልሥራ ያለ አካል እጁን የሚዘረጋው ወደ ገበያው ነው፤ ልብስ፣ ስልክ፣ ጎማ፣ ሶፋ። ደመወዙን ሙሉ በሙሉ የሚጨርሰው የጽዳት ሠራተኛ ከገቢው ሲሰላ የሚያወጣው፣ ግማሹን ከሚያስቀምጠው ኢንጂነር ይበልጣል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚቀይረው ግን ሕግ አውጪው እንጂ የባቡሩ መሥሪያ ቤት አይደለም። እኔ ራሴ ድምፅ በሰጠሁ ቁጥር በሆዴ እያጉረመረምኩ ነው የምሰጠው።

ሁለተኛው ምንጭ ቦሎ ነው። እዚህ ያለነው «ታብ» እንለዋለን፤ በየዓመቱ የሚታደሰው የመኪና ምልክት ነው። በሳውንድ ትራንዚት ክልል ውስጥ የሚኖር ሰው ከመደበኛው የቦሎ ክፍያ ሌላ የመኪናውን ዋጋ ከመቶ 1.1 ይከፍላል። መኪናዋ 20,000 ዶላር ታወጣለች ከተባለ 220 ዶላር ነው። «ከተባለ» ያልኩት ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። የመኪናው ዋጋ የሚሰላው ገበያ ላይ በሚሸጥበት ሳይሆን ከ1990ዎቹ በመጣ የሕግ ሠንጠረዥ ነው፤ ሠንጠረዡ አዲስና አዲስ ቀመስ መኪናዎችን ከገበያው አስወድዶ ይገምታል። ሰው በ2017 አዲሱ ሂሳብ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባለት ጮኸ። አንድ ሰው ታክስ ሲበዛበት ያጉረመርማል፤ የሌለው ንብረት ተቆጥሮበት ሲታክስ ግን ይቆጣል። በኔ እምነት ለባቡሩ የነበረውን መልካም ስሜት ከማንኛውም ተቃዋሚ በላይ የጎዳው ያ ሠንጠረዥ ነው።

ሦስተኛው ቤት ነው፣ በጸደቀው ልክ ከ1,000 ዶላር ግምት 25 ሳንቲም። 600,000 ዶላር በተገመተ ቤት በዓመት 150 ዶላር ገደማ ይሆናል። ተከራዩም ባይታየውም በኪራዩ ውስጥ ይከፍላታል።

ትኬቱስ? እትዬ የከፈሉት ሦስት ዶላር የዕለት ሥራውን ወጪ፣ መብራቱን፣ ነጂውን፣ ጥገናውን፣ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ሐዲዱን መዘርጋትማ ጭራሽ ከትኬት አይነሳም። 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ከ2022 ጀምሮ በነፃ ነው የሚሳፈሩት፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ካርድ ካወጣ አንድ ዶላር ይከፍላል።

«እና እነዚህን ሁሉ ታክሶች ማን ጫነባችሁ?»

እኛው። ይህን ስነግራቸው እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

እዚህ ስቴት ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው። ወረቀቱ ቤትህ ድረስ ይመጣል፤ ሻይህን እየጠጣህ ትሞላዋለህ፣ ፖስታው ላይ ትፈርማለህ፣ ሰፈር ያለው ሣጥን ውስጥ ትከታለህ። («ወጥ ቤት ውስጥ?» አሉ፤ አዎ፣ ወጥ ቤት ውስጥ።) በኖቬምበር 2016 ወረቀቱ ላይ ፕሬዚዳንት ከመምረጥ ጋር አንድ ጥያቄ ነበር፦ 54 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጨማሪ ቀላል ባቡር የሚዘረጋ ዕቅድ ይጽደቅ ወይስ አይጽደቅ? የሽያጭ ታክሱ በ0.5፣ የቦሎው በ0.8 ይጨምራል፤ የቤቱ ታክስ አዲስ ይመጣል። ከመቶ 54 ሰው «ይጽደቅ» አለ።

በገዛ እጁ ታክስ የሚጨምር ሰው ከየት ይመጣል? አንድም ከመኪና መጨናነቅ። ሌላው ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት በማርች ባቡሩ በዋሻ ካፒቶል ሂልንና ዩኒቨርሲቲውን ከመሐል ከተማ ጋር አገናኝቶ ነበር። ሰው የመምረጫ ወረቀቱን ሲሞላ ስለ ሥዕል አልነበረም የሚያስበው፤ ባለፈው ሳምንት በስምንት ደቂቃ ያደረሰውን ባቡር ነው።

እሺታው ግን ሁልጊዜ አልነበረም። በ1968 ሲያትልና አካባቢዋ ለከተማ ባቡር ድምፅ ሲሰጡ ከግማሽ በላይ፣ 51 ከመቶ ያህሉ፣ ደግፈውት ነበር። ወደቀ። ምክንያቱም ዕቅዱ የቆመው በንብረት ታክስ በሚከፈል ቦንድ ላይ ነበር፤ እንዲህ ላለው ቦንድ ሕጉ የሚጠይቀው 60 ከመቶ ነው። በ1970 እንደገና ቀረበ። በመሐሉ ቦይንግ ሠራተኛውን በሺዎች እያባረረ ስለነበር ድጋፉ ወደ 46 ወርዶ ጠበቃቸው። ሴናተር ዋረን ማግኑሰን ከፌደራል መንግሥት ለሲያትል ይዘውላት የነበረው፣ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረ ገንዘብ፣ ወደ አትላንታ ሄደ። ዛሬ እዚያው ዲካልብ ካውንቲ ያሉ ዘመዶቻችን የሚሳፈሩበት፣ ማርታ የሚባለው ባቡር የተሠራው እንዲህ በተረፈ ዕድል ነው። ሲያትል የመጀመሪያውን ረጅም መስመር ያየችው በጁላይ 2009 ነው።

የኋለኞቹ ዕቅዶች በሽያጭ ታክስና በቦሎ ላይ የተመሠረቱት ለዚህም ነው፤ ለነሱ ከግማሽ በላይ ይበቃል። አዲሱ ዕቅድ በ1995 ቀርቦ ሲወድቅ አሳጠሩት፤ በ1996 ጸደቀ። በ2007 ደግሞ መንገድና ባቡር በአንድ ጥያቄ ታስሮ ቀረበ፤ ታክስ የማይወደው በባቡሩ ምክንያት፣ የአካባቢ ተቆርቋሪው በአስፋልቱ ምክንያት፣ ሁለቱም እንቢ አሉ። በዓመቱ በ2008 መንገዱን ጥለው ባቡሩን ብቻ አቀረቡት፤ 57 ከመቶ አገኘ። ቤንዚን በዚያ በጋ በጋሎን አራት ዶላር ማለፉ ሳይረዳቸው አልቀረም።

«ድምፁ ከወጣ በኋላስ? ታክሱ ጠብ ጠብ እያለ እንዴት ዋሻ ይቆፈርበታል?»

እዚህ ላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ቦንድ ለእትዬ አዲስ ነገር አይደለም። የሕዳሴው ግድብ ቦንድ ሰርተፊኬታቸው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ግድቡን ለመሥራት ቦንድ የገዛው የወር ደመወዙን የሰጠው ሠራተኛና እንደሳቸው ያለ ጡረተኛ ነው። የዚህኛውን ቦንድ በአብዛኛው የሚገዛው ትልቅ ገንዘብ ያለው ነው፤ ተራው ሰው ከነወለዱ የሚመልሰው ነው። የዛሬ 20 ዓመት የሚበላ ክትፎ ታክስ ዛሬ ዋሻ ይቆፍራል።

ቦንድ አንዴ ከተሸጠ ደግሞ ታክሱን ይቆልፈዋል። በ2002 የስቴቱ መራጮች ቦሎን ወደ 30 ዶላር የሚያወርድ ሕግ አጸደቁ። ሳውንድ ትራንዚት ግን በዚያ ታክስ ቦንድ ሸጦበት ስለነበር የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 «ከአበዳሪ ጋር የተገባ ውል በኋላ በወጣ ሕግ አይፈርስም» የሚል ፍርድ ሰጠ። በ2019 ያው የ30 ዶላር ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም በመላው ስቴት አሸነፈ፤ በ2020 ፍርድ ቤቱ ጣለው። የዚህኛው ምክንያት ሌላ ነበር፤ መምረጫው ላይ የሰፈረው ርእስ መራጩን ያሳስታል፣ ከአንድ በላይ ጉዳይም ተጭኖበታል ተባለ። ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ሁለት ጊዜ ያልተሳካለት ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም፤ ባቡሩን ግን እወደዋለሁ።

የፌደራሉ መንግሥት የሚያግዘው ቀድሞ ያዋጣን ነው። የአገሬው ሰው ታክሱን ካጸደቀ፣ ጥናቱ ካለቀ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ትፈርማለች፤ ወደ ሰሜን ሊንዉድ ለሚሄደው መስመር 1.17 ቢሊዮን ዶላር፣ ለፌደራል ዌይ 790 ሚሊዮን ሰጥታለች። ለዚህ ነው የ1970ው ሽንፈት ሁለት ጊዜ ያከሰረው፤ የራስ መዋጮ ሲቀር እርዳታውም አብሮ ይቀራል።

አሁን ገንዘቡ አለ እንበል። ማን ይቀድማል? እትዬ ዕቁብ ጸሐፊ ነበሩ፤ ስለዚህ ይህኛውን በዕቁብ ነው ያስረዳኋቸው። ክልሉ አምስት አባል እንዳለው ዕቁብ ነው፦ በሰሜን በኩል ስኖሆሚሽ፣ ሲያትል ያለችበት ሰሜን ኪንግ፣ ቤልቪውና ሬድመንድ ያሉበት ምሥራቅ ኪንግ፣ ደቡብ ኪንግ፣ ታኮማ ያለችበት ፒርስ። የእያንዳንዱ መዋጮ በየራሱ ገጽ ይመዘገባል፤ የሬድመንድ ገንዘብ ለሬድመንድ ለሚጠቅም ነገር እንጂ ሲያትልን ብቻ ለሚጠቅም አይውልም። ዳኞቹ 18 ናቸው፤ 17ቱ ከየካውንቲውና ከየከተማው የተመረጡ ባለሥልጣናት፣ አንዱ የስቴቱ የትራንስፖርት ኃላፊ።

ይህ ደንብ ባይኖር ዳር ዳር ያሉት ከተሞች አንድም ቀን ባልደገፉት ነበር። ግን የራሱ ጣጣ አለው። በ2008 ማግስት ገበያው ሲቀዘቅዝ የሽያጭ ታክሱም አብሮ ወረደ። በጣም የተጎዳው የደቡብ ኪንግ ገጽ ነበር፤ ገበያው ሀብታም አይደለም። ስለዚህ የሱ መስመር ወደ ኋላ ተገፋ፤ ባቡሩ ፌደራል ዌይ የደረሰው በዲሴምበር 2025 ነው። በነገራችን ላይ ሬይኒየር ቫሊ ባቡሩ ከመጣ በኋላ ኪራዩ ሲወደድ ብዙ ያገሬ ሰው ወደ ኬንት፣ ሬንተንና ሲታክ ነው የወረደው። ባቡሩ በደጁ ሲያልፍ የነበረ ሰው ደቡብ ኪንግ ወርዶ እንደገና ባቡሩን ጠበቀ።

ፒርስ ደግሞ በ2016 አብዛኛው ሰው «እንቢ» ብሎ ነበር። ድምፁ የሚቆጠረው ግን በአንድ ላይ ነው፤ በሲያትል ድምፅ ተሸነፈና ታክሱ ተጀመረለት። ዕቅዱ ላይ ቀላል ባቡሩ ከፌደራል ዌይ ተነሥቶ ታኮማ የሚደርሰው በ2030 ይል ነበር፤ አሁን 2035 ሆኗል። ቀን መግፋት የዚህ ነገር አመሉ ነው። በ1996 የጸደቀው ዕቅድ ባቡሩን በአሥር ዓመት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት አደርሳለሁ ብሎ ነበር፤ ጣቢያው እዚያ ሰፈር የተከፈተው በ2021 ነው። የዌስት ሲያትሉ መስመር ግምት ደግሞ በ2024 ከ4 ቢሊዮን አካባቢ ተነሥቶ 7 ቢሊዮን ዳርቻ ደርሷል። መሬት ይወደዳል፣ ሲሚንቶ ይወደዳል፣ እያንዳንዱ ከተማ ጣቢያው እዚህ ጋ ይሁንልኝ እያለ ይከራከራል፤ ክርክሩ በቆየ ቁጥር ሂሳቡ ይጨምራል። እኔ እንደሚመስለኝ ከታክሱ ይልቅ የሚያስመርረው ይህ ነው።

የኛ ሰፈርም የራሱን ተከራክሯል። ባቡሩ ቢከን ሂል ሥር በዋሻ አልፎ፣ ቱክዊላ ላይ በድልድይ ሄዶ፣ ድሃና ስደተኛ የበዛበት ሬይኒየር ቫሊ ላይ ብቻ ለምን መንገድ መሐል ይሄዳል ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ። ዋሻውን አላገኙም። ያገኙት ግንባታው ደንበኛ ያራቀባቸውን ትናንሽ ነጋዴዎች ለመደገፍ የተቋቋመ የ50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ ነው። እትዬ በመስኮት ካዩዋቸው ሱቆች ያን ጊዜ የነበሩት ስንቶቹ ይሆኑ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ሦስተኛው ሲኒ ላይ ስንደርስ የአጎቴ ልጅ ከሥራ ገባ። እትዬ ጉንጩን ስመው ሳይጨርሱ ያዙት።

«አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ሁሉንም ነገረኝ። በደረሰኝ ትከፍላለህ፣ በቦሎ ትከፍላለህ፤ የሠራኸው ባቡር ደግሞ ከኤርፖርት ተሳፋሪህን በሦስት ዶላር ይወስድብሃል። መርጠኸዋል?»

ሳቀ። ጃኬቱን አውልቆ ተቀመጠ፤ ቡናውን ተቀበለ። «መርጬዋለሁ» አለ። «ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በሱ ነው። ደሞም ሻንጣ የያዘ ሰው ምንጊዜም የኔ ነው።»

እትዬ ሁለት ወር ቆዩ። ካርዱን ለመዱት፤ በመጨረሻው ሳምንት ብቻቸውን ሊንዉድ ድረስ ደርሰው ተመለሱ። የሚሄዱ ዕለት ግን ሻንጣው ሦስት ሆኗል፤ አንዱ ለጎረቤት ልጆች ጫማ ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ ደጅ ላይ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቃል።

«እናንተ ከሻንጣው ጋር ሂዱ» አሉ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ እያደረጉ። «እኔ በባቡሩ እመጣለሁ። 84 ሳንቲም አለኝ እኮ።»